ለእንትን ስም ስናወጣ



ዛሬ ማታ ከአንዲት ትንሽ ቃል ልነሣ። ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ እንጠራታለን፤ ቆም ብለን ግን አይተናት አናውቅም። ቃሏ «እንትን» ናት። እናት ጓዳ ሆና «እስቲ ያንን እንትን አቀብለኝ» ትላለች፤ ልጅ ማማሰያውን ይዞ ይመጣል። «እንትኑን እንትን አደረግሽው?» ትላለች ደግሞ፤ ልጅቷ «አዎ፣ ከድኜዋለሁ» ብላ ትመልሳለች። «እንትና መጣ ወይ?» ሲባልም ጠያቂውም ተጠያቂውም ማን እንደተባለ ያውቃሉ። እንትን ስም ትሆናለች፣ ግስ ትሆናለች፣ ሰውም ትሆናለች።

እኔ ይህችን ቃል እወዳታለሁ። ስሙ ያልተገኘለት ነገር ሁሉ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ በእርሷ ወንበር ላይ ይቆያል። የዛሬው ንግግሬም በዚያ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡት ቃላት ነው፤ ሰው በኑሮው መካከል፣ እየሳቀ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ስለሚፈጥራቸው ቃላት። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እነዚህ ቃላት የቋንቋ ጉድፍ አይደሉም። አማርኛ ዛሬ በክብር የምንጽፋቸውንና የምንናገራቸውን ብዙ ቃላት የሠራው በዚሁ የጨዋታ እጅ ነው።

ማስረጃው እጃችን ላይ አለ። እባካችሁ መዳፋችሁን ገልብጡና ጀርባውን እዩት። ስሙ ማን ነው? አይበሉባ። ቀስ ብላችሁ ስትጠሩት ራሱ ይናገራል፤ «አይበሉባት»፣ በእርሷ አይበላም ማለት ነው። በመዳፍ በኩል እንጀራ ይቆረሳል፣ ይጠቀለላል፣ ይጎረሳል። በዚህኛው በኩል አይበላም፤ ስለዚህ አይበሉባ። ይህን ስም ያወጣው ሰው ገበታ ቀርቦ የሚያውቅና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ቃሉ መጀመሪያ በተነገረበት ገበታ ዙሪያ ሳቅ እንደነበረ ለእኔ ይታየኛል። ዛሬ «በአይበሉባው አጮለው» ሲባል ግን የሚስቅ የለም፤ ቃሉ አድጎ ከቃላት ተራ ገብቷል።

ከዚሁ ቤት የወጡ ሌሎችም አሉ። በማያገባው ነገር የሚገባ ሰው «ጥልቅ ብዬ» ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰውየው ራሱ ሊናገረው የሚችለው ግስ ነው፤ «ጥልቅ ብዬ ገባሁ» የሚለው ንግግሩ ተቆርጦ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሰው ሲጠፋ በየግድግዳው የምንለጥፈው ማስታወቂያ «አፋልጉኝ» ነው፤ የጨነቀው ሰው ጩኸት እንዳለ የወረቀቱ ስም ሆነ። ልጆች የያዙትን ብስኩት ለጓደኛቸው አሳይተው፣ ሊሰጡ አስመስለው እጃቸውን ሲሰበስቡ «እንቁልልጭ!» ይላሉ። ይህን ድርጊት በሌላ አማርኛ ለማስረዳት ብንሞክር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገናል፤ ልጆቹ ግን በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

አሁን ወደምወደው ስፍራ ልግባ። አማርኛ «ታ» የምትባል አንዲት ፊደል አለችው። ይህች ፊደል ከሰው አፍ የወጣውን ድምፅ ሁሉ ይዛ ስም ታደርጋለች። ሰው ዕቃውን አውርዶ «እፎይ» ይላል፤ ታ ትመጣና «እፎይታ» ይሆናል። ሐዘንተኛ «ዋይ» ይላል፤ «ዋይታ» ይሆናል። የተዘረፈ «ኡኡ» ይላል፤ «ኡኡታ»። ሴቶች በሠርግ ቤት «እልል» ይላሉ፤ «እልልታ»። እሺ ያለ እሺታውን፣ እምቢ ያለ እምቢታውን፣ ዝም ያለም ዝምታውን ያገኛል።

ይህች ፊደል በድምፅ ብቻ አላበቃችም፤ ሙሉ ግስም ትይዛለች። «ይሁን» የሚለው ፈቃድ «ይሁንታ» ሆነ። «አለኝ» ብሎ ሰው የሚመካበት ነገር «አለኝታ» ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይሉኝታ» አለ። ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ መጨነቅ ነው። ሌሎች ሰዎች ስለ እኔ የሚናገሩት ያልተነገረ ወሬ በልቤ ውስጥ ተቀምጦ ስም አግኝቷል። ይሉኝታ ስንቱን ሠርግ አስደግሷል፣ ስንቱን ብድር ውስጥ አስገብቷል፣ ስንቱንም ከመጥፎ ሥራ መልሷል። ይህን ቃል የሠራው ሰው ፈላስፋ ነበር እላለሁ፤ የሠራበት መሣሪያ ግን በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ አለ።

በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ አለ ያልሁት ያየሁትን ይዤ ነው። በአንድ የፋሲካ ቀን እናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ወጥቷል፣ እናቴ ከራስጌ ተቀምጣ ለሁሉም ታጎርሳለች፣ ትጨምራለች። የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። «በቃኝ እምዬ» አለች። «ይችን ብቻ፣ በሞቴ» አለች እናቴ፤ ጨመረችላት። ልጅቷ ያችን እንደ ምንም ጨረሰች። «በቃኝ እምዬ።» «ይችን ደግሞ፣ አፈር ስሆን!» ሦስተኛው ጭልፋ ሲመጣ ልጅቷ ሁለት እጆቿን ሳህኑ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው፣ «እምዬ፣ በቃኝታዬን ለምን አትሰሚኝም?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ጭልፋውን መለሰችና «እውነትሽን ነው ልጄ፣ በቃኝታሽን አልሰማሁም» አለቻት። ያች ልጅ ስለ ቅጥያና ስለ ሥርወ ቃል የሰማችው አንዳች ነገር የለም። እምቢታን፣ ዝምታን፣ እልልታን ሰምታለች፤ ለተጨነቀችበት ነገር ቃል ስታጣ በሰማችው መንገድ ሠራች። «በቃኝታ» በእኛ ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ራሷ «ኧረ ተዉት፣ በቃኝታውን አክብሩለት» ትላለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ለዕለት ኑሯችን ስም የጎደላቸውን ነገሮች ማስተዋል ያዝሁ። ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ፤ የምትወዱትን ውሰዱ።

ምሳ እየበላን ሳለ ሰው በደጅ ሲያልፍ «ኑ፣ እንብላ!» እንላለን። አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ገብቶ እንደማይቀመጥ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሳንጠራው ብናሳልፈው ግን ነውር ነው፣ እርሱም ይቀየማል። በዚህች ጥሪ ውስጥ ጎረቤትነት ታድሶ ያልፋል። ስሟ «እንብላታ» ቢባል ይስማማኛል። «ለጎረቤቶቻችን እንብላታ አላጓደልንም» ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው ካፌ ውስጥ ነው። ሁለት ጎልማሶች ማኪያቷቸውን ጨርሰዋል። አስተናጋጇ የሒሳብ ወረቀቱን በትንሿ ሳህን ይዛ መጣች። አንደኛው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሌላው ያንን እጅ ከነኪሱ ጨበጠው። «ተው እንጂ! ዛሬ የእኔ ነው።» «በጭራሽ! ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልኸው።» «ሞቼ ነው ቆሜ!» አንደኛው ብሩን ለአስተናጋጇ ያቀብላል፣ ሌላው ከእጇ ነጥቆ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ እርሷ በሁለት ክንዶች መካከል ቆማ ማንን እንደምትሰማ ቸግሯታል። ከሩቅ ላየ ሰው ጠብ ነው። ለእኛ ግን ፍቅር ነው፤ ስሙም «ልክፈልታ» ይሁን። ልክፈልታን በኃይል ማሸነፍ ያቃተው ብልኅ ሰው «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣና በዚያው ባንኮኒው ጋ ሄዶ ከፍሎ ይመለሳል። ይህ ዘዴ ከጥንት አለ፤ ስም ብቻ ነው የጎደለው። እንደ «አፋልጉኝ» ንግግሩን ራሱን ስም ብናደርገው «እጅልታጠብ» ይሆናል። «ልክፈልታ ላይ ሳለን እጅልታጠብ ሠራን» ብትሉ ማንም ሰው ሳይተረጎምለት ይገባዋል።

ሦስተኛው እንግዳ ሲሄድ ነው። እንግዳው ሶፋው ላይ እንዳለ «እንግዲህ እኔ ልሂድ» ይላል። «ምነው ቸኮልህ? ቶናው እንኳ ሳይደርስ!» ይባላል። በረካው ተጠጥቶ ይነሣል፤ ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ የአክስትን ሕመም ያነሣል። በረንዳው ላይ የቤት ኪራይ ይወራል። ዋናው በር ላይ ሲደረስ ትልቁ ጉዳይ፣ እንግዳው ከጠዋት ጀምሮ ሊናገረው የመጣበት ጉዳይ፣ በዝግታ ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ሰው የልቡን የሚናገረው ተቀምጦ ሳለ አይደለም፤ እጁ የበሩን እጀታ ሲይዝ ነው። ለዚህ ነው «ልሂድታ» የሚል ስም የሚገባው። እናቶቻችን እንግዳን እስከ ታክሲ መያዣው የሚሸኙት የልሂድታን ነገር ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

አራተኛው ብዙ ሰፈር የሚያውቀው ነው። መብራት ሄዶ አምሽቷል፤ ሻማው ወደ ማለቁ ደርሷል። በድንገት አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ይጀምራል፤ ከየግቢው ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ማንም አልመራቸውም፤ ከአጥር ወዲያ ያሉትን አያዩዋቸውም፤ ጩኸቱ ግን አንድ ነው። «መጣልንታ» ብዬዋለሁ። መጣልን በሚለው ውስጥ ምስጋና አለበት፤ ሁላችንም በአንድ ጨለማ ውስጥ እንደነበርን የሚያሳውቀን እርሱ ነው።

አማርኛ ሌላም ቃል መሥሪያ አለው። «አይረሴ»፣ «አይነኬ»፣ «አይቀሬ»፣ «አይደፈሬ» እንላለን፤ የማይረሳ፣ የማይነካ፣ የማይቀር፣ የማይደፈር። በጀግና ታሪክና በአዋጅ ቋንቋ ውስጥ የምናገኛቸው ከባድ ቃላት ናቸው። እኔ ግን ይዣቸው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ከኋላ ወንበር ለአራት ሰው የሚሆን ቦታ አለ፤ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን» ይላል። ዳር የተቀመጠው ሰው ጉልበቱን ወደ ጎን ዘወር አድርጎ መንገድ ይሰጣችኋል እንጂ ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም። እርሱ «አይጠጌ» ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉልኝ» ብላችሁ በትሕትና ጠይቃችሁትም የማይጠጋ ከሆነ ሙሉ አይጠጌ ነው። መልስ እያለው «ስትወርድ እሰጥሃለሁ» ብሎ የሚረሳ ረዳት ደግሞ «አይመልሴ»። ያችን ዝርዝር ሳንቲም ሳንጠይቅ እንድንወርድ የሚያደርገን ያው ይሉኝታችን ነው፤ ሁለቱ ቃላት እዚያ በር ላይ ይገናኛሉ።

ስለ ታክሲ ከተነሣ የከተማችን ሕዝብ ለተሽከርካሪ ያወጣቸውን ስሞች ሳላነሣ አላልፍም፤ እነዚህ እኔ የፈጠርኋቸው አይደሉም። ድሮ በጭነት መጫኛቸው ላይ አግዳሚ ወንበር የተገጠመላቸው ትንንሽ ታክሲዎች ነበሩ፤ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥባቸዋል። በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌው የውይይት ክበብ ነበር፤ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይወያያል። ታክሲዋም «ውይይት» ተባለች። አካሉ አገር ውስጥ በቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራው አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ሆነ፤ አፍንጫው ሾጠጥ ያለው ሚኒባስ «ዶልፊን» ሆነ።

ሰው ሲስቅ ሁልጊዜ ደስ ብሎት አይደለም። ብዙ ሕይወት የቀጠፉትን ቀያይ ገልባጭ መኪኖች ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ጠራቸው። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በዚያ ስም የተካሄደውን ግድያ የሚያስታውስ ቤተሰብ ይህን ስም ሲሰማ ከንፈሩ ፈገግ ብሎ ልቡ ይቆስላል። ሁለት ሐዘን በአንድ ቃል ታስሯል፤ የጠፉት ወጣቶችና በመንገድ የቀሩት መንገደኞች። ከዚያም ቀደም ብሎ አዲስ አበባ «እሪ በከንቱ» የሚል ሰፈር ነበራት፤ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት የሌለበት ቦታ ነበርና። በእኛ ዘመን በታክሲ ውስጥ ተሳፋሪን አዋክቦ ስልኩንና ገንዘቡን የሚወስድ ስልት ሲመጣ «ሿሿ» ተባለ። ቃሉ ለእኔ የፍጥነት ድምፅ ይመስለኛል። ነገር ግን «ሿሿ እንዳትሠሪ» የሚል ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ብዙ ሰው አስጠንቅቋል። ይህን ሥራ በአራት መስመር የተጻፈ ማስታወቂያ እንዲህ አይሠራውም።

«አደር» የሚለውንም በአጭሩ ላንሣ። ወታደር አለን፣ አርሶ አደር አለን፣ አርብቶ አደር አለን። የአብዮቱ ሰዎች ለፋብሪካ ሠራተኛ ስም ሲፈልጉ «ላብ አደር» ይባል «ወዝ አደር» ብለው በጽኑ ተከራክረዋል፤ ቃል የፖለቲካ ጎራ መለያ እስኪሆን ድረስ። ዛሬ ያው አጥንት ሌላ ሥጋ ለብሶ ሊያገለግለን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ መስኮት ላይ ጣቱን ሲያንሸራትት የሚያነጋ ወጣት «ስልክ አደር» ነው። «አደር» እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ትሠራለች፤ በእርሱ ይኖራል፣ ከእርሱም ጋር ያድራል።

ይህ ጨዋታ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. ዳግላስ አዳምስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ከጓደኛው ከጆን ሎይድ ጋር «ዘ ሚኒንግ ኦቭ ሊፍ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። ሊፍ በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ አጠገብ ያለ መንደር ነው። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ያሉትን የቦታ ስሞች እየወሰዱ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግን ስም የሌለው የዕለት ገጠመኝ ስም አደረጓቸው። ለምሳሌ ሹበሪነስ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ አለች፤ እነርሱ ግን ሌላ ሰው ተቀምጦበት የሞቀ ወንበር ላይ ስንቀመጥ የሚሰማንን ቅር የማለት ስሜት በስሟ ጠሩት። ይህን ሳነብ የምሳፈርበት ታክሲ ትዝ አለኝ። እኔ ግን «የውርስ ሙቀት» እለዋለሁ፤ የወረደው ሰው ትቶልን የሄደው ነገር ነውና። በአሜሪካም ሪች ሆል የተባለው የቀልድ ሰው በዚያው ዘመን እንዲህ ያሉ ቃላትን «ስኒግሌት» ብሎ ሰብስቦ በ1984 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጓቸዋል።

አብዛኞቹ የእነዚህ መጻሕፍት ቃላት እዚያው ገጻቸው ላይ ቀሩ። አንዳንድ የቀልድ ቃል ግን ከቀልድ አልፏል። ጌሌት በርጌስ የተባለ አሜሪካዊ በ1907 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ለሚጻፈው የማሞገሻ ጽሑፍ «ብለርብ» የሚል ቃል በቀልድ ፈጠረ፤ ዛሬ የእንግሊዝኛ አሳታሚ ሁሉ ቃሉን የሥራ ቃል አድርጎታል። ልዩነቱ የሥራ ነው። ብለርብ በየቀኑ የሚጠራበት ሥራ አገኘ። ቃል የሚኖረው ሰው ሲያስፈልገው ነው፤ አፍ ሳያደናቅፈው ሲጠራውና በቋንቋው አጥንት ላይ ሲቆም።

በዚህ ነገር የምሁራንን ድካም አላቃልልም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የተቋቋመው የአማርኛ መርሐ ልሳን፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ፣ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ አማርኛ ቃላት እንዲኖሩን ብዙ ሠርተዋል። በጽሑፋችን ዛሬ «መፈንቅለ መንግሥት» እና «ድረ ገጽ» እንላለን፤ በግዕዝ አሠራር በደንብ የተሠሩ ቃላት ናቸው። ምሁሩ ከግዕዝ ይቆፍራል፣ ሰፈሩ ከዕለት ኑሮ ይቀዳል፤ ሁለቱ ውሃዎች አንድ ወንዝ ናቸው። የምቃወመው አንዱን ወገን ብቻ ክቡር፣ ሌላውን ብልግና ማድረግን ነው። «የዘመኑ ልጆች ቋንቋችንን አበላሹት» የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጆቹ የሚሉት «ነቄ» ግን ከነቃ መጣ፤ ከአማርኛ ሥር የበቀለ ነው። «አራዳ»ስ? የአዲስ አበባ የድሮ ገበያ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ሰፈር ስም ነው። ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው፤ የሰፈሩ ስም ግን በሰው ላይ ተረፈ። እዚያ ያደገ፣ ነገር የገባው፣ የማይታለል ሰው አራዳ ተባለ። የከተማችን ታሪክ እንዳለ የገባበት ቃል ነው። ልጁን «አትበል» ከማለታችን በፊት ቃሉ ከየት እንደመጣ አብረን ብንጠይቀው እወዳለሁ።

አንድ ነገር ግን አልቀበልም። በሰው አካል ጉዳት፣ በሰው ወገን፣ በሰው መልክ ላይ የሚወጣ ስም ምንም ያህል ሰው ቢስቅበት ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። አይጠጌ ጠጋ ቢል ስሙ ይለቀዋል። ስልክ አደር ቢተኛ ስሙ ይለቀዋል። አንድ ሰው ሊለውጠው በማይችለው ነገር ላይ የተለጠፈ ስም ግን ሸክም ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል ከልጆቻችን አፍ ልንመልስ ይገባል።

ወደ ማሳረጊያዬ የሚያደርሰኝን ነገር ከአንድ ወር በፊት ከወንድሜ ልጅ ሰማሁ። እኔና ወንድሜ ስለ ልጅነታችን ስናወራ «ያኔ ከመርካቶ እስከ ቤት በውይይት ነበር የምንሄደው» አልሁ። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከስልኩ ቀና ብሎ «ከማን ጋር ነበር ውይይቱ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልቀለደም፤ ከልቡ ነው። ስብሰባ መሰለው። ታክሲዋ ከመንገድ ከጠፋች በኋላ ስሟ ምን ያህል እንደሚቆይ በዚያች ጥያቄ ገባኝ፤ አንድ ትውልድ እንኳ አልፈጀም። አባቶቻችን ከመኪና ጎማ ይሠሩት የነበረውን «በረባሶ» የተባለ ጫማስ ዛሬ ስንት ልጅ ያውቀዋል?

ታላላቆቻችን ይህ እንዳይሆን ደክመዋል። ተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» የተባለውን መዝገበ ቃላታቸውን በ1951 ዓ.ም. አሳትመዋል። ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለኅትመት አብቅተው፣ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አውጥተዋል። ያለ ኮምፒውተር፣ ቃልን አንድ በአንድ በእጅ እየጻፉ ነው። ከ1962 ዓ.ም. ወዲህ የተወለዱት የታክሲ፣ የካፌ፣ የስልክ፣ የጨለማና የሰልፍ ቃላት ግን አብዛኞቹ በአፍ ብቻ ናቸው፤ የሚያውቋቸው ሰዎችም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መስመር የተሰመረበት ትልቅ ደብተር አስቀምጫለሁ። ስትወጡ አንድ ቃል ጻፉልኝ። ቤታችሁ ብቻ የሚነገር ይሁን፣ ሰፈራችሁ ያወጣው ይሁን፣ ልጃችሁ ትናንት የፈጠረው ይሁን፤ ትርጉሙን፣ የሰማችሁበትን ሰፈርና ዓመቱን ጨምሩበት። የመጀመሪያው መስመር ተይዟል፤ «በቃኝታ» ብላ የጻፈችበት የእኅቴ ልጅ ናት። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።